«መልሰህ ውሰደው» አትበለው፦ ከውዳቂ ብረት ጋር ስለሚመጣ ያልፈነዳ ተተኳሽ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ውስጥ ውዳቂ ብረት እገዛለሁ። ዛሬ ጠዋት አንድ ልጅ ከጅጅጋ በኩል ከመጣ ጭነት የለቀምኩት ነው ብሎ በጆንያ ብረት አመጣልኝ። ውስጡ ክንፍ ያለው፣ የክንድ ግማሽ የሚያክል፣ ዝገት የበላው ነገር አየሁ። ሚዛኑ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። መልሰህ ውሰደው ልበለው? ከካራማራ ጊዜ ጀምሮ የቆየ ነገር አሁንም ይፈነዳል እንዴ? ደግሞ ፈንጂ በዓለም ተከልክሏል፣ ኢትዮጵያም ፈርማለች ሲባል እሰማለሁ፤ ታዲያ ይሄን የሚያጸዳው ማነው? አቦ ቶሎ መልሱልኝ።»

ምላሽ፦ ድሬ ስለሆንን አንቱታውን ትቼዋለሁ። መጀመሪያ አሁኑኑ የሚደረገውን ልንገርህ፣ ማብራሪያው ኋላ ይደርሳል።

«መልሰህ ውሰደው» አትበለው። በብረት ንግድ ውስጥ ከሚሠሩ ስህተቶች ይሄን የሚያህል የለም፤ ከኃላፊነት መራቅ ይመስላል እንጂ አደጋውን ከግቢህ አውጥቶ መንገድ ላይ መልቀቅ ነው። ልጁ ጆንያውን ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ይወጣል፣ በከፊራ ገበያ መሃል አልፎ ሌላ ሚዛን ይፈልጋል። እዚያም እምቢ ሲሉት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይወረውረዋል። ደቻቱ ላይ ደግሞ አሸዋ የሚጭን አለ፣ ኳስ የሚጫወት አለ፣ በክረምት ጎርፍ ሲመጣም ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ታች ይወስዳል። ስለዚህ ዕቃው ያለበት ቦታ ይቆይ፤ የሚነሱት ሰዎቹ ናቸው።

ጆንያውን አትጎትት። ከላዩ ያለውን ብረት አንስቼ ልየው አትበል። ውሃ አታፍስበት፣ አሸዋም አትከምርበት። ግራይንደሩ ይጥፋ፣ ኦክሲጅን ቆራጩም እጁን ያንሳ። ሠራተኛው፣ ልጁ፣ አጥር የሚጋራው ጎረቤት፣ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ሁሉም ይውጡ። በመንደር ውስጥ ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፣ በመሃልም ግንብ ይኑር፤ ገላጣ ቦታ ላይ ከሆናችሁ 300 ሜትርም አይበዛም። የቆርቆሮ አጥር ዓይን ይከልላል እንጂ ፍንጣሪ አይመልስም። መስኮት አጠገብም አትቁሙ፣ ከፍንጣሪው ያመለጠውን ሰው መስታወቱ ያገኘዋል። ወደ ግቢው በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሰው አቁም፤ እነሱም ከግንብ ጀርባ ሆነው መንገደኛውን ይመልሱ።

ስልክህን የምታወጣው ከራቅህ በኋላ ነው። ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ለቀበሌው ደውልና አራት ነገር ንገራቸው፦ ምን እንደሚመስል፣ በትክክል የት እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደገባ፣ አጠገቡ ምን እንዳለ። አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአሴቲሊን ወይም የኦክሲጅን ሲሊንደር ወይም የናፍጣ በርሜል አቅራቢያው ካለ ፈንጂ አምካኞቹ ከመግባታቸው በፊት ማወቅ አለባቸው። «ሲሊንደሩን ላውጣው» ብለህ ግን አትመለስ። ፎቶ ቀድመህ አንስተህ ከሆነ ላክላቸው፤ ካላነሳህም ይቅር።

«ፖሊስ ቢመጣ እኔኑ ይዞ ቢሄድስ?» የሚለው ፍርሃት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፤ ብዙ ዕቃ ጓሮ ተቀብሮ ወይም ሽንት ቤት ጉድጓድ ተጥሎ የሚቀረውም በዚሁ ፍርሃት ነው። የሚያስጠይቅህ ግን ዕቃው መምጣቱ ሳይሆን አውቀህ ማቆየትህ ነው። ባየህበት ሰዓት፣ ምስክር ባለበት፣ በቀበሌ በኩል ብታሳውቅ አንተ ጠቋሚ ነህ። ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ከተገኘብህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ክንፍ ያለውና የክንድ ግማሽ የሚያክል ካልክ የመጀመሪያ ግምቴ የሞርታር ተተኳሽ ነው፤ በካራማራው ጦርነት ሁለቱም ወገን የሶቪየት መሣሪያ ይዘው ስለተዋጉ 82 ሚሊ ሜትሩ ሊሆን ይችላል። እሱ በሙሉ አካሉ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሆዱ ውስጥ 400 ግራም ያህል ቲኤንቲ (የሚፈነዳው ባሩድ) አለ። 400 ግራም ስትለው ትንሽ ይመስላል፤ የሚገድለው ግን ባሩዱ ብቻ አይደለም፣ ባሩዱ ሰባብሮ የሚበትነው የብረት ልባሱ ጭምር ነው። ተተኩሶ ከሸፈ ወይስ ሳይተኮስ የቀረ ነው የሚለውን አምካኙ በጅራቱ ታች ባለው ማቀጣጠያ ላይ የመርፌ ምት መኖሩን አይቶ ይለያል። አንተ ገልብጠህ እንዳታየው። መልሱ የትኛውም ቢሆን የምታደርገው ነገር አይለወጥም።

«50 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ይፈነዳል እንዴ?» አዎ፣ ይፈነዳል። ብዙ ሰው ተተኳሽን እንደ ክብሪት ያስበዋል፤ ከቆየ ይበሰብሳል፣ እርጥበት ይገባዋል ይላል። ቲኤንቲ እንደዚያ አይደለም። በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ በራሱም አይፈርስም፤ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ተኝቶ ጉልበቱን ይዞ ይነሳል። የሚያረጀው ፊዩዙ ነው፣ ማለትም ባሩዱን የሚያስነሳው ማፈንጃ፤ ጣጣውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ፊዩዝ ሲሠራ በተሸካሚው እጅ እንዳይፈነዳ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሚያገኘው ግፊት ቁልፎቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። መሬት ሲነካ መርፌው ማቀጣጠያውን ይመታል፣ ማቀጣጠያው ባሩዱን ያነቃዋል። ተተኩሶ የከሸፈ ማለት እንግዲህ ከዚህ ደረጃ የመጨረሻው ብቻ የቀረው ማለት ነው። ምናልባት ለስላሳ አሸዋ ላይ ወድቋል፣ ምናልባት በጎኑ አርፏል፣ ምናልባት መርፌው ተጣብቆ ቀርቷል። መርፌውን ይዞ ያቆየው ስፕሪንግ በዝገት ሲሳሳ ወይም መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ያቺ የቀረችው እርምጃ ልትሞላ ትችላለች። በዚህ ላይ በብዙ ፊዩዝ ማቀጣጠያ ውስጥ ያለው የእርሳስ አዛይድ እርጥበት ባለበት ከመዳብ ጋር ሲቆይ የመዳብ አዛይድ ይሆናል፤ ይሄኛው በትንሽ ፍትጊያ የሚነሳ ነው። ስለዚህ አሮጌው ከአዲሱ የባሰ እንጂ የቀለለ አይደለም። «ከጅጅጋ ድሬ ድረስ በመኪና መጥቶ ያልፈነዳ አሁን ምን ያስነሳዋል?» የሚል ካለ፣ ምን ያህል እንደቀረው የሚያውቅ ሰው የለም ብለህ መልስለት።

በብረት ግቢ ውስጥ ሰው የሚጎዳባቸው መንገዶች ብዙም አይለያዩም። አንዱ መዶሻ ነው። የመድፍ ተተኳሽ ወገቡ ላይ የመዳብ ቀለበት አለው፣ መዳብ ደግሞ ከብረት ይልቅ ዋጋ ያወጣል፤ ልጆች በመሮ ሊፈለቅቁት ሲሞክሩ የሚደርሰው ይታወቃል። ሁለተኛው ኦክሲጅን ነው። ቲኤንቲ በ80 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የቆራጩ እሳት ከ3,000 ዲግሪ ያልፋል፤ በታፈነ ብረት ውስጥ የተቀጣጠለ ባሩድ መውጫ ሲያጣ ቃጠሎው ወደ ፍንዳታ ይለወጣል። ሦስተኛው ማራገፍ ነው፤ ጭነቱን በእጅ ማውረድ ሲቻል ካሶኒውን ቀና አድርጎ መገልበጥ። አራተኛው ዘግይቶ የሚመጣ ነው፦ አንተ ጋ ሳይታይ ያለፈው ብረት ማቅለጫ ምድጃ ይገባል። በድሬ ሙቀት የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሌላም አለ። ነጭ ፎስፈረስ የያዘ ተተኳሽ ልባሱ ከተሰነጠቀ በ30 ዲግሪ ገደማ ከአየር ጋር ሲገናኝ በራሱ ይቀጣጠላል፤ ይሄ ደግሞ እዚህ የተለመደ የቀን ሙቀት ነው። ነጭ ጭስና ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ከመጣ ምን እንደሆነ ለማየት አትጠጋ።

ከሞርታር ሌላ ጆንያ ውስጥ የሚመጡትን ባጭሩ። ሾጣጣ አፍንጫና ቀጭን ጅራት ያለው የአርፒጂ ተተኳሽ ነው፤ ብዙዎቹ አፍንጫቸው ላይ ሲመታ በራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክፍል ስላላቸው ባትሪው አልቋል ብሎ ነገር የለም። የእጅ ቦምብ ቀለበቱ ባይኖርም ማንጠልጠያው (በጎኑ ያለው ምላስ) በዝገት ተይዞ ሳይፈነዳ ሊቆይ ይችላል። ባዶ ቀለህ ብዙ ጊዜ በእርግጥም ባዶ ነው፤ ታቹ ያለው ማቀጣጠያ ካልተመታ ግን ባዶ አትበለው። የተቀበረ ፈንጂ ወደ ሚዛን የሚመጣው እምብዛም ነው፤ ፒኤምኤን የሚባለው ጥቁሩ ክብ ፈንጂ አካሉ ፕላስቲክ፣ አናቱ ጎማ ስለሆነ ብረት ለቃሚ አይፈልገውም፤ የሚያነሳው ሕፃን ነው። ውስጡ 240 ግራም ቲኤንቲ አለ፣ ትንሽ ልጅ ቢረግጠውም ይበቃዋል።

ወደ ስምምነቱ ልለፍ፤ ጥያቄህ ላይ የተቀላቀለ ነገር አለ። «ተከልክሏል» የሚባለው የኦታዋ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ለፊርማ ተከፈተ፣ በማርች 1 1999 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ በተከፈተበት ቀን ፈርማለች፣ ያጸደቀችው ግን በ2004 መጨረሻ ነው። የተቀበለችው ግዴታ መጠቀምን፣ ማምረትን፣ ማከማቸትንና ማስተላለፍን ማቆም ነው፤ ክምችትን በ4 ዓመት ማጥፋት፣ መሬትን በ10 ዓመት ማጽዳት፣ ለተጎጂም እርዳታ ማድረግ አለባት። ክምችቱ በጊዜው ጠፍቷል፤ በ2009 የተጠናቀቀው የማስወገድ ሥራ 32,650 ፈንጂ ነበር። መሬት የማጽዳቱ ቀነ ገደብ ግን መጀመሪያ 2015 ነበር፣ ወደ 2020 ተገፋ፣ ከዚያም እስከ 2025 ማብቂያ ተራዘመ።

ሚዛንህ አጠገብ ያለው ዕቃ ግን በኦታዋ ስምምነት ውስጥ የለም። ስምምነቱ የሚለው ፀረ ሰው ፈንጂን ነው፣ ማለትም ሰው ሲረግጠው ወይም ሲጠጋው እንዲፈነዳ የተሠራውን። ሞርታር፣ መድፍ፣ አርፒጂ፣ የእጅ ቦምብ፣ የታንክ ፈንጂ እንኳ አይገባም። ለክላስተር ቦምብ፣ ብዙ ትንንሽ ቦምብ ለሚበትነው፣ ሌላ ስምምነት አለ፣ የ2008ቱ፤ ኢትዮጵያ አልገባችበትም። ከጦርነት ተርፎ ለሚቀር ተተኳሽ የተጻፈው በ2003 የጸደቀውና በ2006 ሥራ ላይ የዋለው፣ የአንዳንድ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት አምስተኛው ፕሮቶኮል (ተጨማሪ ውል) ነው። እሱ ተዋጊው ምን እንደተኮሰ፣ የት እንደተኮሰ እንዲመዘግብና ጦርነቱ ሲያበቃ መረጃውን ለሚያጸዳው እንዲያስረክብ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ጠንካራው ግዴታ ግን የሚሠራው ሕጉ ከወጣ በኋላ ለተተወ ዕቃ ነው። ከዚያ በፊት ለቀረው አባል አገር እርዳታ የመጠየቅና የመቀበል መብት አለው ብሎ ያቆማል። በእኛ አቆጣጠር በ1969 ክረምት የሲያድ ባሬ ጦር እስከ ድሬዳዋ ጥግ ሲደርስ፣ በ1970 ሐረር ስትከበብ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ሲያበቃ የተተኮሰው ሁሉ፣ በወረቀት ላይ ባለቤት የለውም ማለት ይቻላል። እንደኔ እንደኔ የዚህ ሁሉ ሕግ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው።

መሬት ላይ ግን ነገሩ ከወረቀቱ ይሻላል። የተባበሩት መንግሥታት የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የፈንጂ ሥራ መመዘኛ ፈንጂና ሌላ ተተኳሽ ብሎ አይለይም፤ ፈንጂ የሚያጸዳው ቡድን ያገኘውን ሁሉ ያስወግዳል። ጽዳቱ የዘገየበትም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2004 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 1,492 ቀበሌና መንደር በፈንጂ ተጎድቷል ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ አብዛኛው በአፋር፣ በሶማሌና በትግራይ። በ2019 ገና ያልተለቀቀው 261 ቦታ፣ 1,056 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ትልቁ ድርሻ ሶማሌ ክልል ውስጥ። አንባቢ ይሄን ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል፤ ግን በአብዛኛው ጥርጣሬ እንጂ የተረጋገጠ ፈንጂ አይደለም። ስለዚህ የሠለጠነ ቡድን መጀመሪያ መሣሪያ ይዞ አይገባም። ሽማግሌውን፣ እረኛውን፣ የቀድሞ ወታደሩን ይጠይቃል፣ የምሽግ መስመሩን ይፈልጋል፣ ሰውና ከብት የተጎዳበትን ይመዘግባል። ከዚያ በሚጠረጠረው መሬት ላይ ቀጭን መስመር ከፍቶ ይፈትሻል። ሙሉ ጽዳት የሚጀመረው የተረጋገጠችው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። እዚያም በእጅ የሚሠራ አንድ አምካኝ በቀን የሚጨርሰው ጥቂት አሥር ካሬ ሜትር ነው፤ መሣሪያው ለምስማርም፣ ለቆርቆሮም፣ ለጥይት ቀለህም ይጮሃል፣ እያንዳንዱ ጩኸት ደግሞ ተንበርክኮ በመውጊያና በአካፋ መፈተሽ አለበት።

ነፋሱም ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊቱዌኒያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ከኦታዋ ስምምነት እንደሚወጡ አስታውቀዋል፤ ምክንያታቸው ሩሲያን መፍራት ነው፣ ሩሲያ ደግሞ ፈርማ አታውቅም። በ2023 ብቻ በዓለም ላይ በፈንጂና ከጦርነት በቀረ ተተኳሽ የተገደለና የቆሰለ ሰው 5,757 ተመዝግቧል፣ ከዚያ 84 በመቶው ሲቪል ነው።

ከዚህ በኋላ ግቢህን እንዴት ትያዝ? ከሚዛኑ በፊት የመለያ ቦታ ይኑርህ፤ ጣሪያ የሌለው፣ ከመቁረጫው የራቀ። ጭነት እዚያ በእጅ ይውረድ፣ ጆንያ አይገለበጥ፣ አፉ ተፈቶ በዓይን ይታይ። ሕግህ አንድ ይሁን፦ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ሆኖ ውስጡ ያልታየ ብረት ወደ ኦክሲጅን አይሄድም። ይሄ ሕግ ከተተኳሽም ያልፋል። የተዘጋ ሲሊንደር፣ የመኪና ሾክ አብዞርበር፣ ጫፉ የተደፈነ ቧንቧም በእሳት ይፈነዳል፤ ብረት ማቅለጫዎችም ስለዚሁ አይወዱትም። ሠራተኛህ የተተኳሽ ስም እንዲያጠና አታስገድደው፤ ክንፍ፣ የመዳብ ቀለበት፣ ሾጣጣ አፍንጫ፣ ሲያዩት ትንሽ ሲያነሱት ከባድ የሆነ ነገር፣ ይሄን ካወቀ ይበቃዋል። አራተኛውን ለማወቅ ግን ማንሳት እንደሚጠይቅ ልብ በል፤ አንዱ እጁ ላይ ከብዶት ካወቀ ያነሳውን አይወርውር፣ ቀስ አድርጎ እዚያው ያስቀምጠውና ይራቅ። ጭነት የሚያመጡልህን ሹፌሮች ደግሞ ፊት ለፊት ንገራቸው፦ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ዋጋ የለውም፣ ድርድርም የለውም። አንድ ቀን ለመዳቡ ብለህ ከከፈልክ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ይመጣልሃል።

ምናልባት የባሰ ከደረሰና ሰው ከቆሰለ፣ ሌላ ያልፈነዳ ነገር እዚያ ሊኖር ስለሚችል ሮጠህ አትግባ፤ መናገር ከቻለ ወዳንተ እንዲሳብ ጥራው። ከወጣ በኋላ ከእጅ ወይም ከእግር ደም እየገነፈለ ከሆነ ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ሰፋ ባለ ጨርቅና በእንጨት ጠምዝዘህ ደሙ እስኪቆም እሰር። ያሰርክበትን ሰዓት ጻፍ፣ ሐኪም ሳያይ አትፍታ።

ልጁን አትቆጣው። ለቀረው ብረት ክፈለው፣ ለዚህኛው አትክፈለው። ከዚያ ቁጭ አድርገህ ጠይቀው፦ ከየትኛው ጭነት አገኘኸው? ሹፌሩ ከየት ነው የጫነው? የወንዙ ወይም የኮረብታው ስም ማን ይባላል? እዚያ ሌላስ ነበረ? ከላይ ያልኩህ ጥናት ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ዓይነት መልስ ነው፤ ማንም ሳይመዘግበው የቀረ ቦታ አንዳንዴ የሚታወቀው በብረት ለቃሚ አፍ ነው። የነገረህን ከነቀኑ ወረቀት ላይ ጽፈህ ለሚመጡት አምካኞች ስጥ። «ልውሰድህና ላሳይህ» ካለህ ግን አትከተለው፣ እሱንም አትላከው።